«ማን አለ?»፦ የአንድ ሙዚቃዊ ተውኔት የ12 ሳምንት ማስታወሻ

ሳምንት 1

ያለን ይህ ነው፦ አምስት ተዋናይ፣ ሦስት ሙዚቀኛ (ኪቦርድ፣ ክላርኔት፣ ቼሎ)፣ 8 በ6 ሜትር መድረክ፣ አሥራ አንድ ዘፈን። ከዘፈኖቹ አራቱ አላለቁም። ዜማውና ግጥሙ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው ስላልተገኘ የመድረክ ዕቃውም የኔ ሆነ። መጋዝ ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል።

ታሪኩ ባጭሩ። ባልና ሚስት ተፋተዋል፣ ግን ልጁ እንዳይንገላታ ብለው አንድ ግቢ ውስጥ ቀርተዋል። እናትየው ሌላ አግብታለች። ልጁ «አክስቴ» የሚላት ሴት በሥጋ ለማናቸውም አትዛመድም። አምስቱ በአንድ ገበታ ይበላሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። በሁለተኛው ገቢር የእንጀራ አባትየው ይሞታል። ለእናትየው ባሏ ነው፤ ለልጁም የእንጀራ አባቱ። የልጁ አባት ግን «ለሟቹ ምኑ ነህ?» ቢባል ምን ይመልሳል? «የቀድሞ ሚስቴ ባል ነበር» ብሎ ማልቀስ ይቻላል? መጻፍ የጀመርኩት ከዚህ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያው ረቂቅ፣ ገና በሦስተኛው ትዕይንት፣ የእንጀራ አባትየውን ሁለት ጊዜ አስሳልኩት። አዘጋጁ አንብቦ «ይሄ ሰው በስንተኛው ገጽ ነው የሚሞተው?» አለኝ። ሳሉ ወጣ።

እዚህ ላይ የረዳኝ «ፎልሴቶስ» ነው። የአሜሪካውያኑ የዊልያም ፊንና የጄምስ ላፓይን ሙዚቃዊ ተውኔት ነው፦ ሚስቱን ትቶ ከወንድ ጋር የኖረ አባት፣ የቀድሞ ሚስቱ፣ ልጃቸው፣ እናትየው በኋላ ያገባችው የሥነ አእምሮ ሐኪም። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1990 ለየብቻ የታዩ ሁለት ባለ አንድ ገቢር ሥራዎች ተጋጥመው በ1992 ኒውዮርክ፣ ብሮድዌይ ላይ ወጡ። የመጀመሪያው ክፍል ሲጻፍ፣ በሁለተኛው ክፍል ሰው የሚገድለው በሽታ፣ ኤድስ፣ ስም እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገቢር ሞት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስለ ራሱ ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚጨነቀው። የኛም የመጀመሪያ ገቢር እንደዚያ መሆን አለበት፤ ምንም የማያውቅ።

ሳምንት 2

የሳጥኖቹንም ሐሳብ ከዚያው ወሰድኩ። «ፎልሴቶስ» እ.ኤ.አ. በ2016 በዋልተር ኬር ቲያትር እንደገና ሲታይ ነዳፊው ዴቪድ ሮክዌል መድረኩ ላይ አንድ ትልቅ ግራጫ ኩብ አስቀመጠ፤ ተዋናዮቹ እየፈታቱ ወንበርም ጠረጴዛም ያደርጉታል። እኛ ያን ያህል ማድረግ አንችልም። ዘጠኝ ሳጥን ይበቃናል፣ እያንዳንዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሠራሁ፤ ስድስቱም ፊት የተዘጋ። አንዱን ስመዝነው 23 ኪሎ። ሳጥኖቹን በብዛት የሚገፋው የ13 ዓመት ልጅ ነው። ሁለት ጊዜ ገፍቶ ሦስተኛው ላይ ተቀመጠበት።

እንደገና፦ 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ውስጡ የ2 በ4 ሳንቲ ሜትር እንጨት ፍሬም፣ ታችኛው ፊት ክፍት። 12 ኪሎ ገደማ መጣ። ታችኛው ክፍት መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ እጅ አስገብቶ ማንሳት ይቻላል። ከአንድ ሙሉ 122 በ244 ቅጠል ስምንት ፊት ይወጣል፣ ለዘጠኙም ሳጥን ስድስት ቅጠል በቃ። የባከኑት ሦስት ባለ 18 ቅጠሎች ደረጃ ሆኑ። ደረጃ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ከዕቃው በጀት ሲሶው እዚህ ቀለጠ።

ሳምንት 3

የተውኔቱ ጀርባ አጥንት የሚሆነው ዘፈን «ማን አለ?» ነው። እናትየው ማታ ማታ ቤቱን ስትቆጥር የምትዘፍነው። ትጠይቃለች፣ እያንዳንዱ ካለበት ሆኖ በራሱ ድምፅ «አለሁ» ይላል፦ ልጁ፣ አክስት፣ አባት፣ በመጨረሻም የእንጀራ አባት በቤዝ። አራቱ «አለሁ» ሲደራረቡ ኅብሩ ይሞላል።

በመጀመሪያው ልምምድ እናትየው «ማን አ—ለ?» ብላ ስታወጣ አክስትን የምትጫወተው ተዋናይ በጨዋነት ጠየቀች፦ «ማን ምን አለ?»

እውነቷን ነው። ዜማውን ስሠራ «አ» ላይ ረጅም ኖታ፣ «ለ» ላይ አጭር አድርጌ ነበር። አናባቢው ሲረዝም «ለ»ን ማጥበቅ አይቻልም፤ ላልቶ ይወጣል፤ ላልቶ ሲወጣ ደግሞ «ተናገረ» ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱም «አለ» ናቸው፣ ስለዚህ ለአንድ ወር አላየሁትም። ማስተካከያው፦ «አ» አጭር ሆነ፣ «ል» የራሷን ትንሽ ኖታ አገኘች፣ «ለ» ረዘመ። አል–ለ። «ል» እንደ «ም» እና «ን» ተይዛ ልትዘፈን የምትችል ድምፅ ስለሆነች ያስኬዳል። በዚያው መንገድ አሥራ አንዱንም ዘፈን አንድ ማታ ተቀምጬ ፈተሽኩ፤ ሌላ ሰባት ቦታ የሚጠብቀው ላልቶ፣ የሚላላው ጠብቆ ተገኘ። አንደኛው «ሰፊ ቤት» ነበር፤ በኔ ዜማ የልብስ ሰፊ ቤት ሆኖ ይሰማል።

ሳምንት 4

ሳጥኖቹ ሲቀመጡ እንደ ከበሮ ይጮሃሉ። ባዶ ሳጥን በእንጨት ወለል ላይ፣ ሌላ ምን ይጠበቃል። ውስጣቸውን በ5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ አለበስኩ፣ ጩኸቱ በግማሽ ቀነሰ። ከሥር የጎማ እግር ለጠፍኩ፣ ጩኸቱ ጠፋ። ሲገፉ ግን በቀለም የተቀባው ወለል ላይ ይንጫጫሉ። ጎማውን ነቅዬ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ በኮላ አደረግኩ። ጸጥ አለ፣ ተንሸራተተ፣ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ሁለት ቀን ቆየ። አባትየው ሳጥን ላይ ቆሞ ሊዘፍን ሲወጣ ሳጥኑ ከሥሩ ሄደ። አልተጎዳም፣ ግን የተሳደበውን አልጽፈውም። አሁን ሰው የሚቆምባቸው ሦስቱ ጎማ፣ የሚገፉት ስድስቱ ሱፍ ናቸው። ጎማዎቹ ጎናቸው ላይ ነጭ ነጥብ አላቸው።

ሳምንት 5

የልጁ ድምፅ ጎረነነ። ሰኞ ደህና ነበር፣ ሐሙስ ከፍ ያለው ኖታ ላይ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ 13 ዓመቱ ነው። ዘፈኑ ሬ ሜጀር ላይ ነበር። በሦስት ሴሚቶን ዝቅ አድርጌ ሲ ላይ አወረድኩት፤ በሙዝስኮር (የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም) አንድ ጠቅታ ነው። ክላርኔቱ ግን የሲ ቤሞል (ከሲ አንድ ሴሚቶን ዝቅ ያለው) መሣሪያ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ከሚሰማው አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ብሎ ነው የሚጻፍለት፤ ሲ ሜጀር ለሱ ዶ ዲየዝ ሆነ፣ ሰባት ዲየዝ (ኖታውን አንድ ሴሚቶን ከፍ የሚያደርግ ምልክት)። ክላርኔቲስቱ ወረቀቱን አይቶ ወደኔ ሳይሆን ወደ ጣሪያው ተመለከተ። አንድ ሴሚቶን ደግሞ ዝቅ አድርጌ ሲ ቤሞል ላይ ሳደርገው ለሱ ዶ ሜጀር፣ ንጹሕ ወረቀት። ለልጁም ተመቸው።

የልጁን ክፍል በሦስት ቁልፍ አትሜ ይዣለሁ። እስከ መጨረሻው ሳምንት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

ሳምንት 6

ከባዱ ሳምንት። እናትየው በመጀመሪያው ገቢር ስለ ባሏ እንዲህ ትላለች፦

ሳይጠሩት ይመጣል፣
ሳይቀርብ ይቀምሳል፣
ያልገባው ቀልድ ላይ ቀድሞ ይስቃል።

ከሞተ በኋላ ይኸው ተመልሶ እንዲመጣ ነው ያሰብኩት። ግሱን ወደ ኃላፊ ስለውጠው ሁለት ነገር ተበላሸ። «ይመጣል» «ይመጣ ነበር» ሲሆን ሁለት ቀለም ይጨምራል፣ «ይስቃል» «ይስቅ ነበር» ሲሆን አንድ፤ ስለዚህ ዜማው በየመስመሩ እኩል አይሰፋም። ከዚያ የባሰው፣ ሦስቱም መስመር በ«ነበር» ቤት መታ። ነበር፣ ነበር፣ ነበር። ሐዘን ሳይሆን የታሪክ መጽሐፍ ሆነ።

አራት ቀን ሌላ ግጥም ሞከርኩ። አንዱም ከመጀመሪያው አይሻልም። በአምስተኛው ቀን ኪቦርድ ተጫዋቹ ዝም ብሎ ዜማውን እየመታ ሳለ ተዋናይዋ መስመሩን ጀምራ ስልኳ ጠራና አቋረጠች፦ «ያልገባው ቀልድ ላይ ቀድሞ…»

ቆመ። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ እሱ እስኪመጣ ሰውዬው ይኑር ይሙት ዓረፍተ ነገሩ አልወሰነም። አሁን ሦስቱም መስመር ግሱ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። አዲስ ግጥም አልጻፍኩም፣ ሦስት ቃል ብቻ ሰረዝኩ።

ሳምንት 7

«ማን አለ?» በሁለተኛው ገቢር። እናትየው ልማድ ሆኖባት ትጠይቃለች። ልጁ «አለሁ»፣ አክስት «አለሁ»፣ አባት «አለሁ»። ከዚያ የሱ ሁለት ባር ይመጣል።

የመጀመሪያ ሙከራ፦ የሱን ክፍል ለቼሎው ሰጠሁ። በጣም ያምራል፤ ችግሩም እሱ ነው፤ ቼሎው «አለሁ» እያለ ነው። ቤቱ ሙሉ ነው፣ ሰው አልጎደለም።

ሁለተኛ፦ ልጁ ይዘፍነው አልን። ልምምድ ላይ የነበረው ሁሉ አለቀሰ። በማግስቱ ግን አባትየው የሚሠራው ምንም ነገር እንዳልቀረው ገባን፤ የሱ ትዕይንት ገና ሊጀምር ሰው እንባውን ጨርሶ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛ፦ ምንም የለም። ሦስቱም መሣሪያ ያቁሙ። ሁለት ባር፣ ስምንት ምት፣ በደቂቃ 72 ምት ሲሄድ 6.7 ሰከንድ ይሆናል። መድረክ ላይ 6.7 ሰከንድ ዝምታ ዘላለም ነው። ተዋናዮቹን ጨነቃቸው፣ ሁለት ጊዜ ቀድመው ገቡ። ልምምዱን ሊያይ የመጣ አንድ ወዳጃችንም ሲጨርስ «እዚያ ጋ ማነው ቃሉ የጠፋበት?» አለ።

ማስታወሻዬ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፦ ቃል የጠፋበት ሰው መሰለው።

ሳምንት 8

ስህተቱ በሁለተኛው ገቢር ሳይሆን በመጀመሪያው ነበር። «ማን አለ?» እዚያ የሚዘፈነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በፍጥነት። ተመልካቹ የቤዙ ድምፅ የት ቦታ ላይ እንደሚገባ መቼ አወቀና ነው ሲቀር የሚጎድልበት?

አሁን በመጀመሪያው ገቢር ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ከ20 ሰከንድ የማይበልጥ። ሦስቱም ጊዜ የእንጀራ አባትየው ሁለት ምት ዘግይቶ ነው የሚመልሰው። አንዴ አፉ ሞልቶ፣ አንዴ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አንዴ እናትየው ስሙን በቁጣ ከጠራችው በኋላ። ሳቅ ያስነሳል። ሳቁ የተመልካቹን ጆሮ መጠበቅ ያስተምረዋል።

ለዚህ ቦታ ብዬ ሁለት ሙሉ ዘፈን ከመጀመሪያው ገቢር አወጣሁ። አንደኛው በጣም የምወደው ነበር፤ ክላርኔቲስቱም ይወደው ነበር፣ አኩርፏል።

ሌላ ውሳኔ፦ ከሥራው ግማሹን በተቀዳ ትራክና በክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ ምቱን በሚቆጥር ድምፅ) ልናስኬድ አስበን ነበር፣ ለሙዚቀኞቹ እንዲቀል። ተውነው። ክሊክ ሰው ትንፋሽ እስኪስብ አይጠብቅም።

ሳምንት 9

የአባትየው ዘፈን። አዘጋጁ ትልቅ የሐዘን ዘፈን ይፈልጋል፣ እኔም አራት ደቂቃ የሚፈጅ ጻፍኩለት። ቼሎ፣ ከፍታ፣ ሁሉም አለው። ተዋናዩ ሦስት ቀን ተለማመደና መጥቶ እንዲህ አለ፦ «አንድ ነገር ልበል? ይሄ ሰው ምኑ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው። ምኑ እንደሆነ ሳያውቅ እንዴት ነው አራት ደቂቃ የሚዘፍነው?»

ተናደድኩ። ማታ ቤት ስደርስ ልክ እንደሆነ ገባኝ፣ የበለጠ ተናደድኩ። ዘፈኑ ወጣ። የቀረው ያለ ሙዚቃ፣ በንግግር፣ ሐዘን ሊጠይቅ ከመጣ እንግዳ ጋር፦

— ለሟቹ ምኑ ነዎት?
— እኔ? ልጃቸው… ማለቴ፣ ልጁ ልጄ ነው።
— የማን ልጅ?
— የባለቤቱ። የቀድሞ ባለቤቴ። ባሏ ነበር።
— እንግዲያው ምንም አይደሉማ።
— አይ። በየማታው ወንበሬ ላይ ይቀመጥ ነበር።

እዚህ ያለው «ነበር» በተውኔቱ ውስጥ ስለ ሟቹ የሚባል የመጀመሪያው «ነበር» እንዲሆን ከእናትየው ዘፈኖች በሙሉ አጽድቼዋለሁ። የእንግዳውን ክፍል አክስት ትጫወታለች፣ ኮትና መነጽር ቀይራ።

ሳምንት 10

ድምፅ። አምስት ገመድ አልባ ማይክ በኪራይ፤ የኪራዩ ገንዘብ ከሳጥኖቹ ሁሉ ይበልጣል። ማይኮቹ ፀጉር ሥር፣ ግንባር ጫፍ ላይ በሕክምና ፕላስተር ይለጠፋሉ። በመጀመሪያው ቀን የአባትየው በላብ ዘጋ። አሁን ሽቦው ከጆሮ ጀርባ ወደ ታች ከመውረዱ በፊት ትንሽ ተጠምዝዞ ይታሰራል፣ ላቡ እዚያ ይንጠባጠባል፣ ጫፉ ጋ አይደርስም።

የማይገባኝ ሌላ ነገር ነበር፦ ሰዎች ሲተቃቀፉ ድምፃቸው በቧንቧ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ይህ ተውኔት ደግሞ መተቃቀፍ ብቻ ነው። ሳውንድማኑ አስረዳኝ። ሁለት ማይክ ሲቀራረብ የአንዱ ሰው ድምፅ በሁለቱም ይገባል፣ በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ልዩነት፤ ሁለቱ ሲደመሩ አንዳንዱ ድምፅ ይጠፋፋል። ስለዚህ ሲተቃቀፉ የአንዱን ማይክ ይዘጋል፣ በሌላኛው ሁለቱም ይሰማሉ። ጽሑፉ ላይ እያንዳንዱን እቅፍ በቀይ ምልክት አደረግኩለት። አሥራ ሰባት ናቸው። «ትንሽ አልበዛም?» አለኝ። ሦስቱን አወጣሁ።

ሙዚቀኞቹ ከተዋናዮቹ 12 ሜትር ርቀው ነው የሚቀመጡት፤ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ሙዚቃው ተዋናዮቹ ጋ 35 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ዘፋኙ ይጎትታል፣ ሙዚቀኛው የሱን ሰምቶ ይጎትታል። መድረኩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሞኒተር ስፒከር ስናስቀምጥ ተስተካከለ።

ሳምንት 11

የመብራትና የሳጥን ልምምድ፣ ያለ ዘፈን። በጨለማ ውስጥ ሳጥን መቀያየር መጀመሪያ 40 ሰከንድ ፈጀ፣ አሁን 12። በጨለማ የሚያበራ ቴፕ ወለሉ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ማዕዘን ብቻ። ብዙ ስንለጥፍ ወለሉ ሰማይ መሰለ፣ ማንም የራሱን አላገኘም።

ሳምንት 12፣ የመጀመሪያው ማታ

በባዶው ሁለት ባር ላይ ማንም አላሳለም። ሦስተኛው ምት ላይ ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት ወደ መጋረጃው ዞራ አየች፤ የእንጀራ አባትየው በመጀመሪያው ገቢር የሚመልስበት ቦታ ነው። ጎን ቆሜ አየኋት።

«ባሏ ነበር» ላይ ሳቅ መጣ። ያልጠበቅነው ሳቅ ነው። ተዋናዩ ደንግጦ ቀጣዩን ቃል አቻኮለ፣ ስለ ወንበሩ የሚለው መስመር በሳቁ ውስጥ ጠፋ።

ሌላ ጥፋት፦ የእናትየው ያልተጨረሱ መስመሮች ካለቁ በኋላ ጭብጨባ። ጥፋቱ የኔ ነው። ግጥሙን ቆርጬ ሙዚቃውን ግን በሙሉ ማሳረፊያ ኮርድ ዘግቼዋለሁ፤ እንዲያ ሲዘጋ የሰው እጅ በራሱ ይነሳል። ለነገ ሙዚቃው ቤቱ ሳይገባ አምስተኛው ኮርድ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ልጁም ወዲያው ሳጥን መግፋት ይጀምራል።

ሦስተኛው ማታ

ጭብጨባ የለም። ተዋናዩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ፣ ከዚያ ወንበሩን አለ። ልጁ በሲ ቤሞልም ከፍ ያለው ኖታ አልደርስ እያለው ነው፣ ከነገ ጀምሮ ላ ሜጀር ላይ ነው። ክላርኔቲስቱ አምስት ዲየዝ እንዳለው ገና አልነገርኩትም።

ሳጥን 4 አንዱ ሱፉ ተላቋል፣ ኮላው እስኪደርቅ ሌሊቱን ሙሉ ከላዩ ክብደት ይፈልጋል። ከባለ 18ቱ ደረጃ አንዱን ጭኜበታለሁ።